የአስካለማርያም ተራ

አስካለማርያም ወልደ ሰንበትን በደንብ አላውቃትም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚያውቋት ሰዎች ይታዘቡኛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠባሴ በሚባለው ሰፈር የልብስ ስፌት ቤቷ ከቤቴ አራተኛው በር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሱሪ አሳጥራልኛለች፣ የኮት ገበር ቀይራልኛለች፤ ከሰላምታና ከልብስ ልክ ያለፈ ነገር ግን እምብዛም አላወራንም። እኔ ሰው ፊት ቃል የሚጠፋብኝ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ሥራ ላይ ስትሆን ወሬ አትወድም። ስለ እሷ ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው ዓመት ያዘጋጀችውን የቤተሰብ ጉዞ ዝግጅት በዓይኔ ስላየሁ፣ የቀረውን ከወንድሟና ከእህቷ ልጅ ስለሰማሁ፣ ጥቂቱን ደግሞ ከራሷ አፍ ስላገኘሁ ነው። የተሻለ የሚያውቃት ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። ግን የጻፈ የለም።

አስካለ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የተወለደችው አንኮበር ነው፤ አባቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት እዚያው ሲያገለግሉ ኖረው ያረፉ ሰው ናቸው። በሦስት ዓመቷ የልጅነት ልምሻ ያዛትና ሁለቱም እግሮቿ ሽባ ሆነው ቀሩ። ከዚያ እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ትምህርት ቤት የሄደችው በታላቅ ወንድሟ በተስፋሚካኤል ጀርባ ታዝላ ነው። የአንኮበርን ዳገት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ተስፋሚካኤል ዛሬ ቄስ ናቸው፤ መምሬ እንላቸዋለን። ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። ምን ነካዎት ሲባሉ የእርሻ ሥራ ነው ይላሉ እንጂ ያንን ዳገት አያነሡም።

አስካለ አሁን የምትሄደው በዊልቸር ነው። የስፌት መኪናዋም በእግር የሚረገጥ ሳይሆን በእጅ የሚዞር ስለሆነ ቀኝ ክንዷ ከግራው ይወፍራል። ብቻዋን ትኖራለች፣ ብቻዋን ሠርታ ትበላለች፣ ስታዝን አይቻት አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚቆጫት፤ እሱንም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የመሪጌታ ልጆች በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል የሚጠጡት የቤተሰብ ጽዋ አላቸው። ጽዋውን የተቀበለ ሰው የከርሞው ደጋሽ ነው። ከድግሱ ሌላ አባታቸው የጀመሩት አንድ ልማድ አለ፦ ተረኛው በዓመቱ ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ ይዞ አንድ ቦታ ይሄዳል። በሰላ ድንጋይ በኩል ጻድቃኔ ማርያም የሄዱበት ዓመት አለ፣ በደብረ ሲና ወርደው ቆላውን ያዩበትም አለ። ተራው አስካለ ዘንድ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ይዘላል። «አንቺ አትቸገሪ» ይሏታል። በፍቅር ነው የሚሏት። ጽዋው ከእህቷ ከማኅደረማርያም ተነሥቶ በእሷ ራስ ላይ አልፎ ወደ መምሬ ይሻገራል።

ከሦስት ዓመት በፊት ጉዞው ወደ አንኮበር ነበር፤ የልጅነት አገራቸውን ለልጆቹ ለማሳየት። ሁሉም ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሲወጡ አስካለ መኪና ውስጥ ቀረች። ሲወጡ ስለሚሞቃቸው ጋቢና ሹራባቸውን እያወለቁ ጭኗ ላይ ከመሩት። ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። ጉሙ መጥቶ መስኮቱን ሸፈነው። ሲመለሱ በስልክ ያነሡትን ፎቶ አሳዩዋት፤ የማኅደረማርያም ልጅ ሔራን የጽድ ቅርንጫፍ ቆርጣ አመጣችላት። አስካለ ቅርንጫፉን አሽትታ አመሰገነች። ሔራን ይህን ስትነግረኝ፣ የዚያን ቀን አክስቴን የልብስ መስቀያ አድርገናት ነበር፣ ያወቅነው ግን በኋላ ነው አለች።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ሚካኤል ጽዋው እንደ ልማዱ ከማኅደረማርያም እጅ ሊሻገር ሲል አስካለ እጇን ዘረጋች።

«ስጡኝ፤ ተራዬ ነው» አለች።

ማኅደረማርያም ወንድሟን አየች፣ መምሬም ጣሪያውን አዩ። መከልከል አይቻልም፤ ጽዋ የጠየቀን ሰው ማን ይከለክላል? ሰጧት። መምሬ ወዴት ልትወስጂን ነው ብለው በቀስታ ጠየቁ።

«ሐይቅ ላይ። ዝዋይ። ጀልባ እንሳፈራለን፣ ደሴት ላይ እንወርዳለን። ሁላችንም እንወርዳለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አለቻት ብላኛለች ሔራን። ከዚያ ቤተሰብ ውስጥ ጀልባ ላይ የወጣ አንድም ሰው አልነበረም። አስካለም ሐይቅ ያየችው በቴሌቪዥን ነው።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ካጣራች በኋላ ዝግጅቱን በግንቦት ጀመረች። የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበት ትልቅ ደብተር አላት፤ በየገጹ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት የሚሉ ዓምዶች ተሰምረውበታል። ለጉዞው ሌላ ደብተር አልገዛችም። በዚያው ላይ፣ ከአንድ ሙሽራ ሱፍ ቀጥሎ፣ «ዝዋይ፣ ማረፊያ ቤት» ብላ ጻፈች። የበሩን ስፋት ወገብ በሚለው ሥር፣ የደረጃውን ከፍታ ቁመት በሚለው ሥር አሰፈረች። ከገጹ ራስ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «64» ተጽፏል። የዊልቸሯ ስፋት በሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ የጠበበ በር ለእሷ ግድግዳ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ኮቴ እሷ ዘንድ ስለነበር፣ መጀመሪያ ለገበሩ፣ ቀጥሎ ለኪሱ፣ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ በርጩማ ይዤ ስልኳን ሰምቻለሁ። እጇ ሥራ ላይ ስለሚሆን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። አንዱ የማረፊያ ቤት ሰው የመጸዳጃውን በር ስፋት ደጋግማ ስትጠይቀው በር የምትሸጥ መሰለችውና፣ የእኛ አዲስ ነው፣ አንቀይርም ብሎ ዘጋባት። ሁለተኛው ክፍላችን ለወፍራም ሰውም ይበቃል አላት። ሦስተኛዋ ልጅ ብቻ፣ ይጠብቁኝ እናቴ ብላ ሄዳ ለክታ ተመለሰች፤ ሰባ ሁለት ነው አለች። አስካለ የልጅቷን ስም ጠይቃ ደብተሩ ላይ ጻፈች፤ ክፍሎቹንም ያዘች።

የመጸዳጃ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። ከጉዞ በፊት ባለው ቀን ከቀትር ጀምራ ውኃ እንደማትቀምስ፣ በየመንገዱ የምትገባበት በር ስለማይኖር እስክትመለስ አፏን አድርቃ እንደምትቆይ የነገረችኝ በዚያ ሰሞን ነው። «ሰው ለመንገድ ስንቅ ይቋጥራል፤ እኔ ጥም እቋጥራለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። በዚህ ጉዞ ግን ከደብረ ብርሃን እስከ ዝዋይ ድረስ ዊልቸር የሚያስገቡ ሦስት መጸዳጃዎች በስልክ አግኝታ ነበር። ሦስቱም ደብተሩ ላይ አሉ።

ከሁሉ የከበዳት ባለ ጀልባው ነው። ታምራት ይባላል፤ የሐይቁ ልጅ ነው፤ ደግ ሰው መሆኑ ከድምፁ ያስታውቃል። ችግሩ ለሁሉም ነገር መልሱ አንድ መሆኑ ነበር።

«ከጀልባው ጠርዝ እስከ መሬቱ ስንት ነው?» አለችው።

«ችግር የለም እህቴ።»

«ችግር የለም ልክ አይደለም ወንድሜ፣ አልሰፋበትም። ስንት ነው?»

«እኔ ሜትር የለኝም። ልጆች አሉ፣ አንሥተው ያወርዱሻል።»

«መነሣትማ እዚህም አላጣሁም። የጫማህ ቁጥር ስንት ነው?»

ሰውዬው ሳቀ። አርባ ሁለት ነው አላት። ጫማህን እያስቀመጥክ፣ እያንዳንዱ ቦታ ስንት ጫማ እንደሆነ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጫማዬን አየች። የእኔም አርባ ሁለት ነው። አውልቄ ሰጠኋት፤ ካልሲዬ ተቀዶ ስለነበር አፈርኩ፤ እሷ ግን ጫማውን ብቻ ለክታ፣ ሃያ ሰባት ብላ ጽፋ መለሰችልኝ። ታምራት ቃሉን ጠበቀ። በሰኔ መጀመሪያ አሥራ አንድ ፎቶ ላከ፤ በየፎቶው ላይ የአንድ እግር ጥቁር ሸራ ጫማ አለ፦ ጀልባው ጠርዝ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ ድንጋይ ላይ። በዚያ መሠረት ሊወርዱባቸው ካሰበቻቸው ሦስት ደሴቶች አንዱን ሰረዘች፤ ዳገት ነው። ሁለቱ ቀሩ። በመጀመሪያው ደሴት ዛፍ ሥር ምሳ ይበላሉ፤ በሁለተኛው ደሴት ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ እሷን ይሳለማሉ።

ለመውረጃ ከአሮጌ አልጋ የወጡ ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች አዘጋጀች፤ እንዳያንሸራትቱ የመኪና ጎማ ቆርጣ አስቸነከረችባቸው። ሌላም ማንም ያላሰበውን አንድ ነገር አሰበች። ሰው ወደ መቅደሱ ቅጥር ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ዊልቸርስ? «ጎማው ገበያ ሲዞር ይውላል፣ የረገጠውን ሁሉ እኔ አውቃለሁ። ሰው ባዶ እግሩን በሚገባበት ቦታ ጫማዬን እያሽከረከርኩ ልግባ?» አለች። እዚህ ደብረ ብርሃንም ከውጭ በር አልፋ እንደማትገባ ያን ጊዜ ገባኝ። የከለከላት የለም፤ ራሷ ናት ያልገባችው። ለጎማዎቹ ከነጭ አቡጀዲ ዙሪያውን ላስቲክ ያለው ካልሲ የመሰለ ልባስ ሰፋች። ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ወለቀባት፣ በሦስተኛው ያዘ።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ልምምድ አደረጉ። ሾፌሩ ገብረአማኑኤል ሚኒባሱን ስፌት ቤቷ ፊት ለፊት አቆመ፤ አንድ ወንበር ተነቅሎ ቦታ ተበጅቶለታል። እኔ ጣውላውን በአንድ በኩል ያዝኩ። ገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ሙሉ ነበር። መምሬ ጣውላውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ሁሉ እንጨት ምን ያደርጋል፣ እኔ አለሁ አይደል፣ ትናንት የተሸከምኩ ዛሬ ያቅተኛል ወይ አሉ። ከልባቸው ነው። ለእሳቸው እህታቸውን ማዘል የወንድምነታቸው ማረጋገጫ ነው፤ ጣውላው እጃቸውን የነጠቃቸው መስሏቸዋል።

አስካለ አልተከራከረችም። ሚኒባሱ ውስጥ ወዳለው መቀመጫ ተሻገረችና፣ «ጋሼ፣ ጣውላው ወንድ ይችል እንደሆነ እንሞክር፤ አንተ ዊልቸሩ ላይ ተቀመጥ» አለች።

መምሬ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ጣውላው ቻለ። በዝግታ ወርደው አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ፣ እህል ሸጦ የሚመለስ አንድ ጎልማሳ አያቸውና አዘነ። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ምንም ሳይል ከኋላ የዊልቸሩን እጀታ ያዘና መግፋት ጀመረ። የጤና ጣቢያውን አቅጣጫ ይዟል።

«ሰውዬ፣ ማን ውሰደኝ አለህ?» አሉ መምሬ።

«አይጨነቁ አባ፣ እኔም የምሄደው በዚያው ነው።»

«እኔ የምሄድበት የለኝም። አቁም።»

«እግዚአብሔር ይማርዎት። ቀስ ብዬ ነው የምገፋዎት።»

ሃያ እርምጃ ያህል ወሰዳቸው። ሔራን ሮጣ ደርሳ እስክታስረዳው ድረስ ሁለት ሴቶች፣ መምሬ እግራቸውን ምን ነካቸው ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። አስካለ ሚኒባሱ ውስጥ ሆና እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ፣ ጆንያውን አስተካክሎ ሄደ። መምሬ ግን አልተነሡም። ጎማውን በእጃቸው እያዞሩ፣ አንዴ ወደ ቦይ አንዴ ወደ ግድግዳ እየተጋጩ፣ ላብ በላብ ሆነው ተመለሱ።

«በየቀኑ እንዲህ ነው?» አሉ።

«በየቀኑ ነው ጋሼ።»

«እኔም እንዲሁ አደርግሽ ነበር?»

አስካለ ሳቋን ተወች። «አንተ ትጠይቀኝ ነበር» አለች። «እምቢ ስልህ ነው የማትሰማኝ።»

መምሬ ጣውላውን ራሳቸው አንሥተው መኪናው ላይ ጫኑ፤ ወገባቸውን ያዝ አድርገው ጥቂት ቆሙ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አላየሁም። የነገሩኝን ነው የምጽፈው።

በጥቅምት አጋማሽ፣ ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሆነው ተነሡ። ሞጆ ላይ ሲያርፉ አስካለ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣች፤ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፣ ማኅደረማርያም ግን እህቷ መንገድ ላይ ሻይ ስትጠጣ አይታ ስለማታውቅ አፏን ከፍታ ነበር የምታያት። የማረፊያ ቤቱ በር በእርግጥ ሰባ ሁለት ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጀልባው ላይ መውጣቱም ተሳካ፤ መነሻው ላይ የተሠራ መቆሚያ ስላለ ጣውላው ልክክ አለ። የዊልቸሩ ጎማዎች በገመድ ታሰሩ። መምሬ ውኃው ሲያናውጣቸው ዳዊት መድገም ጀመሩ፤ አስካለ ደግሞ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ ተቀመጠች። ይህን የነገረችኝ ሔራን ናት፤ አክስቴ እንደዚያ ስትቀመጥ ልጅ መሰለችኝ አለች።

የመጀመሪያው ደሴት ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተበላሸ። ታምራት ጀልባውን አስጠግቶ ሞተሩን አጠፋ። ጣውላው ተዘረጋ፣ ጫፉም ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ፎቶው ላይ የነበረው ሣር የለም። ድንጋዩም የለም። አስካለ ደብተሯን ከፍታ አየች፣ ዳርቻውን አየች። ይሄ ሣር የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ታምራት ከኋላቸው ያለውን ውኃ አሳያት። ሣሩ እዚያ ታች ነው፤ ክረምቱ ሐይቁን ሞልቶታል፣ በየዓመቱ እንዲህ ነው፣ የምታውቂ መስሎኝ ነው አላት።

ይህ እኛ የደጋ ሰዎች የምንሠራው ስህተት ነው። አንኮበር ላይ ገደሉ በሰኔም በጥቅምትም የነበረበት ነው፤ ዳገቱን አንዴ ከለካኸው ለልጅ ልጅህ ይሆናል። ዳርቻ የሚባል ነገር ወር እየጠበቀ የሚመጣና የሚሄድ መሆኑ ለማናችንም አይታሰበንም። እሷን ያህል ሁሉን የምታሰላ ሰውም አላሰበችውም።

ደብተሩ ላይ፣ ለሁሉም ያነበበችው አንድ ደንብ ነበር፦ አንድ ሰው ካልወረደ ማንም አይወርድም። ሁሉም ያንን ደንብ አስታውሶ አቀረቀረ። ሕፃናቱ ዛፉን እያዩ ጎመጁ። አስካለ ዓመት ሙሉ የደከመችበት ነገር ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ነበር። መምሬ ተነሡ፤ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰበሰቡ፤ ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ ቆሙ።

«አስኩ፣ ልጠይቅሽ» አሉ። «ላዝልሽ ወይስ ይቅር?»

«ይቅር ጋሼ።»

መምሬ ጫማቸውን መልሰው አጠለቁና ተቀመጡ። ይህን ሲነግሩኝ፣ ከተሸከምኳት ሁሉ ያ መቀመጥ ከበደኝ አሉ።

አስካለ ደብተሩን ዘጋች። «ልክ የወሰድኩት በሰኔ ነው፤ ደንበኛዬ ወፍሯል» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእናንተ አይደለም። ውረዱ፣ ምሳችሁን ብሉ። ደንቡን እኔ አወጣሁት፣ እኔ አነሣሁት።» ደስ ሳይላቸው ወረዱ። ሔራን ወደ ኋላ እያየች ሄደች፤ የአንኮበር ቀን ተመልሶ የመጣ መስሏታል።

አስካለ ግን ሹራብ ጠባቂ ሆና አልተቀመጠችም። ታምራትን ማውጣጣት ያዘች። በዚህ ወቅት የሽንኩርት ጆንያ ከደሴቱ እንዴት ትጭናላችሁ? በትከሻ። ላምስ? ላም ትዋኛለች። ዳቦ መጋገሪያ ብረት፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የሙሽራ ሳጥንስ? ታምራት አሰበ። ለከባድ ነገር ፊላ የሚባለውን የሐይቅ ሸምበቆ አጭደን፣ በነዶ በነዶ አስረን ጭቃው ላይ እናነጥፋለን፣ ከላዩ እንጨት እናጋድምበታለን አላት።

«ይህን በሰኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ስለ ጭቃ አልጠየቅሽኝማ። ስለ ጫማ ነው የጠየቅሽኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ታምራት ወዲያው ሁለተኛው ደሴት ላይ ላሉት ዘመዶቹ ስልክ ደወለ፤ አስካለም ስልኩን ተቀብላ የነዶውን ስፋት ነገረቻቸው። ቤተሰቡ ምሳውን ጨርሶ ሲመለስ፣ ለእሷ የጾም ሽሮና ዳቦ ተይዞላት መጣ፤ መምሬ ጽጌን ስለሚጾሙ የሁሉም ምሳ እሱ ነበር። በልታ ውኃም ጠጣችበት።

ሁለተኛው ደሴት ላይ አራት ጎረምሶች ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተው ይጠብቃሉ። የፊላው ነዶ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ጣውላዎቹ ተጋደሙበት። አንዱ ጎረምሳ ልማድ ሆኖበት ዊልቸሩን ከሥር ሊያነሣ ጎንበስ ሲል መምሬ እጃቸውን ዘርግተው ያዙት። እሷ ካላለችህ አትንካ አሉት። አስካለ ጎማዎቹን በሁለት እጇ ጨብጣ ለቀቀች። መሐል ላይ ሲደርስ የግራው ነዶ ሰመጠና ወንበሩ ዘመም አለ። ቀኝ ክንዷን አጠንክራ አዞረች፣ ቀና አለ፣ ወረደ። ደረቁ መሬት ላይ ስትቆም እልልታ ያሰማ የለም፤ ማኅደረማርያም ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች ይላሉ።

ቤተ ክርስቲያኗ መቶ እርምጃ ያህል ትርቃለች። ቅጥሩ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ተቀምጠዋል። ሰዉ ጫማውን እያወለቀ ሲደረድር ሽማግሌው ጎማዎቹን ረጅም ጊዜ አዩ። ይህስ አሉ በመጨረሻ፣ በቁጣ አይደለም፤ መልሱን ራሳቸውም ስላላወቁት ነው። መምሬ አልተከራከሩም፣ ማዕረጋቸውንም አልተናገሩም። ከአስካለ ጭን ላይ ነጩን ልባስ አንሥተው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ጎማውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ልባሱን አጠለቁ፣ ላስቲኩን ዙሪያውን በጣታቸው አስተካከሉ፤ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ዞሩ። አስካለ ራሷ ማድረግ ትችል ነበር። ግን እንዲያደርጉላት ተወቻቸው። ሲጨርሱ መነሣት አቃታቸው፤ በእሷ ወንበር ክንድ ተደግፈው ተነሡ።

ሽማግሌው ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። «ግቢ ልጄ» አሉ።

ገቡ። ተሳለሙ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ጠበል ተረጩ። ሰዓቱ ሲደርስ ታምራት ቀኑ ሲገፋ ነፋስ ይነሣል ብሎ ልጆቹን ወደ ጀልባው ላከ። ሁሉም ሲወጣ አስካለ ቅደሙ፣ እመጣለሁ አለች። ቀደሙ። ጀልባው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። አሥር ደቂቃ ሆነ፣ ሃያ ሆነ፣ ከዚያም አለፈ። አንዱ ልጅ ሄጄ ልጥራት ሲል መምሬ ተቆጡ።

«ተቀመጥ። እሷ እኛን ስትጠብቅ ስንት ዓመቷ ነው?»

ሔራን ስልኳ ላይ ያየችው ሃምሳ ደቂቃ ነው። ከዚያ አስካለ ብቅ አለች፤ በነዶው ላይ፣ በጣውላው ላይ፣ ብቻዋን ጀልባው ጠርዝ ድረስ መጣች። ወደ ላይ መውጣቱ ከመውረዱ ስለሚከብድ እዚያ ላይ ቆማ፣ ጋሼ፣ ከኋላ ግፋኝ አለች። መምሬ ከጀልባው ዘለው ወረዱ፤ ወገባቸው በዚያች ሰዓት አላመማቸውም። ማታ ዝዋይ አደሩ፤ ረቡዕ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ደብረ ብርሃን ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ያየሁት ትንሽ ነገር አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስፌት ቤቷ ደጅ ባለው ሽቦ ላይ ሁለት ክብ ነጭ ልባሶች ታጥበው ይሰጣሉ። እሑድ ማለዳ ሽቦው ባዶ ነው። በቅርቡ ከሰላ ድንጋይ አንዲት እናት ልጇ ዊልቸር ላይ ስለሆነ እንደዚያ ያለ ልባስ ልታሰፋ መጥታ አገኘኋት፤ አስካለ ልኩን ወሰደች፣ የታምራትንም ስልክ ሰጠቻት፣ ዳርቻውን በምትሄጂበት ወር አስለኪ ብላ አስጠነቀቀቻት። ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ጽዋውን ለመምሬ ያስረከበችው እሷ ናት። የዘንድሮው ተረኛ እሳቸው ናቸው፤ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይወስኑ በፊት ደብተሯን ተውሰዋል።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ያልገባኝን ነገር ልጠይቃት ሄድኩ። ለመጠየቅ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ፤ በሁለቱ ቀን ቁልፍ አስተክዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ያንን ሃምሳ ደቂቃ ቅጥሩ ውስጥ ብቻሽን ምን ስታደርጊ ነበር አልኳት።

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች። የተቀየመች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ፊቷ ግን ፈገግ ብሎ ነበር።

«እሱን አልነግርህም» አለችኝ።